በእርግዝና ጊዜ መታሸት፦ ቤት፣ ስፓ፣ ፊዚዮቴራፒ ወይስ የሰፈር አሺ?

ከ5ኛው ወር በኋላ ወገብ መያዝ ይጀምራል። ሌሊት ባት ይሸማቀቃል፣ ማታ ላይ ጫማ አልገባ ይላል። ያኔ ሁሉም መካሪ ነው። እናት «ቅቤ ተቀብተሽ ታሺ» ትላለች። ጎረቤት እጇ መድኃኒት ነው የምትባል ሴትዮ ትጠቁማለች። የሥራ ባልደረባ የስፓ ቅናሽ በቴሌግራም ትልካለች። ሐኪሙም ፋታ አግኝቶ ከተጠየቀ ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚልክ ወረቀት ይጽፋል። እነዚህ አራት መንገዶች በዋጋም፣ በጥቅምም፣ በአደጋም አይገናኙም። አንደኛው እንዲያውም ጨርሶ መሞከር የሌለበት ነገር አለው።

እዚህ የየትኛውም ቤት ስም አይነሣም። ባለሙያው በየወሩ ስለሚቀያየር ዛሬ የተመሰገነው ቤት ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። መለኪያውን ከያዝሽ የትም ሄደሽ ራስሽ ትመዝኛለሽ።

ማሸት የሚያደርገውና የማያደርገው

በአሜሪካ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ የንክኪ ምርምር ተቋምን የመሠረቱት ቲፋኒ ፊልድ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፍሰ ጡሮች ላይ ተከታታይ ጥናት አድርገዋል። በየሳምንቱ የታሹት ሴቶች የወገብና የእግር ሕመማቸው ቀለል ብሎ፣ ጭንቀታቸው ቀንሶ፣ እንቅልፋቸውም ተሻሽሎ ተገኝቷል። ጥናቶቹ ግን ጥቂት ሴቶችን ብቻ ያካተቱ ናቸው። ስለዚህ ማሸት ይረዳል ማለት ይቻላል፤ ያድናል ማለት ግን አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ ለወገብና ለዳሌ ሕመም በቅድሚያ የሚመክረው እርግዝናው እስኪያበቃ የሚዘልቅ የአካል እንቅስቃሴ ነው። ፊዚዮቴራፒ፣ ደጋፊ ቀበቶና አኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌ ቆዳ ላይ በመሰካት የሚደረግ ሕክምና) በአማራጭነት ይከተላሉ። ለእግር እብጠት እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲና ውሃ ውስጥ መነከር ይላል። የማሸት ስም በግልጽ የሚነሣው በ2018ቱ የወሊድ መመሪያ ላይ ነው፦ ምጥ ላይ ያለች ሴት ከፈለገች መታሸትና ሙቅ ጨርቅ ሕመሟን እንዲያስታግሱላት ይመከራል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይኼኛው ነው። በ8ኛው ወር ወገብ ማሸት የለመዱ ባል ወይም እህት ምጡ ሲመጣ እጃቸውን አጣጥፈው አይቆሙም።

ማሸት የሽልን አቀማመጥ አያስተካክልም። የእርግዝና ደም ግፊትን አያክምም። የሆድ ሸንተረርንም አያስቀርም፤ ቅቤም ይሁን ውድ ክሬም፣ ቆዳን ከማለስለስና ማሳከክን ከመቀነስ ያለፈ ነገር እንደሚያደርጉ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ስለ መጀመሪያዎቹ 3 ወራት ብዙ ይወራል። አንዳንድ ስፓዎች 12 ሳምንት ያልሞላትን ሴት አይቀበሉም። ረጋ ያለ የጀርባና የእግር ማሸት ውርጃ እንደሚያስከትል የታወቀ ነገር የለም፤ በእነዚያ ወራት ከሚደርሰው ውርጃ ግማሽ ያህሉ የክሮሞዞም ጉድለት ያመጣው ነው። ቤቶቹ የሚፈሩት አንድ ነገር ቢፈጠር የሚከተላቸውን ወቀሳ ነው። ቢሆንም ማቅለሽለሹ ራሱ የዘይት ሽታ የማያስጠጋበት ጊዜ ስለሆነ ብትጠብቂ የሚቀርብሽ ነገር የለም።

እሹኝ ከማለት በፊት

መታሸት የማይገባው፣ መመርመር ያለበት ሕመም አለ። ምርጫው ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

አንደኛው የባት ሕመም ነው። በእርግዝና ጊዜ ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድል ከወትሮው 4 ወይም 5 እጥፍ ይጨምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋውም በግራ እግር ነው። ቁርጠት ድንገት ይመጣል፣ እግርን ዘርግተው ጣትን ወደ ራስ ሲስቡት በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። የረጋ ደም ግን አይለቅም፦ አንድ እግር ብቻ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ሲረግጡትም ያማል። ይህን እግር ማሸት የረጋውን ደም ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። የባት ሕመም ሁሉ «ብርድ ነው» ተብሎ በሚታሽበት አገር ይህን መለየት ሕይወት ያተርፋል።

ሁለተኛው ራስ ምታት ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን መጭበርበር፣ ከቀኝ ጎድን ሥር የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ከታየ ደም ግፊት መለካት አለበት። 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ 160/110 ከደረሰ ደግሞ ድንገተኛ ነው። «አንገቴን ያዝ አድርጎኛል» ብላ አንገቷን ስታሳሽ የምትውል ሴት ይህን ልታሳልፈው ትችላለች።

ደም ወይም የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የሽል እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ከ37 ሳምንት በፊት እየመጣ እየሄደ የሚደጋገም የወገብ ሕመም፣ ሽንት ሲያቃጥል አብሮ የሚመጣ የጎን ሕመም፦ እነዚህም ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። መንታ የያዘች፣ የእንግዴ ልጁ በማሕፀን በር ላይ ያረፈባት፣ የልብ ሕመም ያለባት ወይም ደም የማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከመታሸቷ በፊት ክትትል የምታደርግበት ሐኪም መፍቀድ አለበት።

መለኪያዎቹ

*ይጠይቃል ወይ?* ስንተኛ ሳምንት ነሽ፣ ግፊትሽ ስንት ነው፣ ደም ፈሶሽ ያውቃል፣ እግርሽ ያብጣል? ይህን ሳይጠይቅ ዘይት የሚያፈስስ እጅ ይቅርብሽ። ክፍሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሻማው ምንም ቢበዛ።

*ሆድ ይነካል ወይ?* ራስሽ ቅባት መቀባትና ማሻሸት ምንም የለውም። ሌላ ሰው ሆድሽን መጫን፣ መግፋትና ማገላበጥ ግን አይፈቀድም። ይህ መለኪያ ድርድር የለውም።

*እንዴት ያስተኛሻል?* ሆዱ ከገፋ በኋላ፣ በግምት ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ በጀርባ ረጅም ጊዜ መተኛት ማሕፀኑ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ሥር እንዲጫን ያደርጋል። ያዞራል፣ ያልባል፣ ያቅለሸልሻል፤ ወደ ሽሉ የሚሄደው ደምም ይቀንሳል። ትክክለኛው አተኛኘት በጎን ነው፣ ግራ ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ ትራስ በጉልበቶች መሃል፣ አንድ ቀጭን ትራስ ከሆድ ሥር። አንዳንድ ቤት ለሆድ ቀዳዳ ያለው አልጋ አለን ይላል። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሆዱ ተንጠልጥሎ ወገብን ስለሚጎትት ለወገብ ሕመም የሄደችውን ሴት ሊያብስባት ይችላል።

*ሙቀቱና ቅባቱስ?* የሰውነት ሙቀት ወደ 39 ዲግሪ የሚያወጣ ነገር ሁሉ፣ ስቲም፣ ሳውና፣ ጃኩዚ፣ ሞሮኮ ባዝ፣ ይቅር፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ በተለይ። ማሳጁን ብቻ ብትፈልጊም ብዙ ቤት «ፓኬጅ» እያለ ከስቲም ጋር ይሸጥልሻል። ለቅባት የወይራ፣ የሰሊጥ ወይም የኮኮናት ዘይት ይበቃል። የጤና አዳም ዘይት በሆድም በወገብም አይቀባ፤ ጤና አዳም ማሕፀንን እንደሚያነሣሣ ከጥንት የታወቀ ነው። ዲክሎፌናክ ያለባቸው የሕመም ማስታገሻ ጄሎችም ያለ ሐኪም ፈቃድ፣ ይልቁንም ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ፣ አይነኩም። ፋርማሲ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሸጡ ነው የማነሣው።

የቀሩት ሁለቱ፣ ርቀትና ዋጋ፣ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ታክሲ ተጋፍቶ ለአንድ ሰዓት ማሳጅ ሄዶ በመንገድ ጉድጓድ እየተናጡ መመለስ ያገኙትን እረፍት መልሶ ይወስደዋል።

ቤት ውስጥ፦ ባል፣ እህት፣ እናት

ከሁሉ የረከሰው ይህ ነው። ለብዙዋ ሴትም የሚበቃት ይኼው ነው። ስፓ የሚሠራውን አብዛኛውን ነገር አንድ ሰው በ20 ደቂቃ ውስጥ አልጋ ላይ መሥራት ይችላል፤ ጥበብ የሚሻ ነገር የለውም፣ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

አሺው እጁን አሙቆ ዘይት ይቀባ። አንቺ በጎንሽ ተኚ፤ ወይም ወንበር ላይ ወደ መደገፊያው ዞረሽ ተቀምጠሽ ትራስ ታቀፊ፣ ሆድሽ ነፃ ይሆናል። እጁ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ በመዳፍ ከታች ወደ ላይ ይሂድ፤ አጥንቱ ላይ ጫና አያሳርፍ። ወገብ ሲያም ሥሩ ብዙ ጊዜ መቀመጫ ላይ ነው፦ የመቀመጫውን ላይኛ ጎን በመዳፍ ሥር ቀስ ብሎ በክብ ማሸት ብዙ ሴቶችን የሚያሳርፋቸው ነገር ነው። እግር ከውስጥ እግር ጀምሮ ወደ ላይ በለሆሳስ፤ ባትን መጭመቅ የለም። ልኩ እንዲህ ይታወቃል፦ «አመመኝ» ሳትይ ትንፋሽሽ ከረዘመ ጉልበቱ ልክ ነው።

ጉድለቱ ባለሙያ አለመሆናቸው ነው። እውነተኛ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ካለብሽ የባልሽ እጅ አያውቀውም። አንዳንዱ ባል ደግሞ በሁለተኛው ቀን ይደክመዋል፤ ይህን መለኪያ ውስጥ አላስገባሁትም።

ስፓና ማሳጅ ቤት

ጸጥታ፣ እረፍትና የአንድ ሰዓት ከቤት መውጣት ነው የሚሸጡት። እሱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁለት ልጅ ለያዘች እናት ያ ሰዓት ከማሸቱ ይበልጥባታል። ችግሩ በአገራችን ብዙ የማሳጅ ሠራተኞች የሠለጠኑት ለጤነኛ፣ እርጉዝ ላልሆነ ሰው መሆኑ ነው። በጠንካራ እጅ መጫን የሙያ ኩራታቸው ነው።

ስልክ ደውለሽ ለይ። «የ26 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ እንዴት ነው የምታስተኙኝ?» ብለሽ ብቻ ጠይቂ። «በጎንሽ፣ በትራስ፤ ከሐኪምሽ የተከለከልሽው ነገር አለ?» የሚል ቤት ያውቃል። «ችግር የለም እህቴ፣ ሁሉንም እንሠራለን» ያለሽን ግን ተዪው።

አሜሪካ ያሉ እህቶቻችን እዚህ ላይ ይቀላቸዋል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ማሳጅ የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ ፈቃዱን በስም መፈተሽ ይቻላል። የነፍሰ ጡር ማሳጅ ግን በፈቃዱ ላይ የሚጨመር የተለየ ሥልጠና ስለሆነ ፈቃድ አለኝ ማለት ብቻውን አይበቃም። በዱባይና በሪያድ ያላችሁ ደግሞ ሞሮኮ ባዙ እዚያ የዘወትር ልማድ ስለሆነ ለጊዜው ለብ ባለ ሻወር ተኩት።

ፊዚዮቴራፒ

ሕመሙ ቦታ ካለው፣ ማለትም ደረጃ ስትወጪ፣ በአልጋ ላይ ስትገላበጪ፣ አንድ እግር ላይ ቆመሽ ሱሪ ስትለብሺ ዳሌሽን ወይም የብልት አጥንትሽን የሚወጋሽ ከሆነ፣ ስፓም ባልም አይፈቱትም። ፊዚዮቴራፒስት መገጣጠሚያውን መርምሮ ከማሸቱ ጋር እንቅስቃሴ ያሠራሻል፣ ቀበቶ ሊያዝልሽ ይችላል፣ ከአልጋ እንዴት እንደምትነሺም ያሳይሻል። በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ክፍሉ አለ፤ በግል ክሊኒኮችም እንዲሁ። በመንግሥት ተቋም ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ወረፋው ግን ረጅም። የግሉ ፈጣንና ውድ ነው። ገንዘብ ካጠረሽ ሁለት ጊዜ ብቻ ሂጂና እንቅስቃሴውን ተምረሽ ቤትሽ ቀጥዪበት፤ ከአስር የስፓ ቀጠሮ የተሻለ ወጪ ነው።

የሰፈር አሺ፣ ወጌሻና የልምድ አዋላጅ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሴት የምትሄደው ወደዚህ ነው። ምክንያቱም ይገባኛል። ቅርብ ናት፣ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ እናትሽንም አሽታለች። ታዳምጥሻለች፤ ክሊኒክ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያልተሰጣት ሴት እዚህ ግማሽ ቀን ቡና እየጠጣች ታወራለች። ጀርባና እግር ብቻ የምታሽ ከሆነ እጇ ከስፓው ሊበልጥ ይችላል።

አደጋው ሆድ ላይ ነው። «ልጁ ተጋድሟል»፣ «ወደ አንድ ጎን አድልቷል» ተብሎ ቅቤ ተቀብቶ ሆድ ሲታሽ የእንግዴ ልጁ ጊዜው ሳይደርስ ከማሕፀን ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል። ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚጠራቀም ውጪ ላይ ላይታይ ይችላል፤ እናትም ልጅም በሰዓታት ውስጥ ሊጠፉ ይችላሉ። ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ማሕፀኗ በጠባሳው በኩል ሊቀደድ ይችላል። ደሟ ኔጌቲቭ የሆነች ሴት ደግሞ የልጁ ደም ከሷ ደም ጋር ተቀላቅሎ ለሾተላይ ትጋለጣለች። ምጥ ላይ ልጁ ቶሎ እንዲወጣ ብሎ ሆድን ከላይ መግፋትም ያው ነው።

ታዲያ ለምን «አሹኝና ተስተካከለልኝ» የሚሉ ሴቶች በዙ? ልጁ በራሱ ስለሚዞር ነው። በ28ኛው ሳምንት ከ4 ወይም ከ5 ሽሎች አንዱ በመቀመጫው ነው ያለው። የመውለጃው ጊዜ ሲደርስ በዚያው የሚቀሩት ከ100ው 3 ወይም 4 ብቻ ናቸው። በ7ኛው ወር የታሸችውም ያልታሸችውም አብዛኞቹ ልጃቸው ይዞራል፤ ምስጋናውን የምትወስደው ግን አሺዋ ናት።

ሐኪሞችም ልጁን ከውጪ በእጅ ያዞራሉ። ልዩነቱ ሁኔታው ላይ ነው፦ ከ36 ወይም 37ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በአልትራሳውንድ እያዩ፣ የልጁን የልብ ምት እየተከታተሉ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በተዘጋጀበት። እንዲያም ሆኖ የሚሳካው በግማሽ ያህሉ ነው።

አማትሽ ወይም አክስትሽ አሺዋን ጠርተው ቤት ድረስ ካመጡልሽ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ጀርባዬንና እግሬን ይሹልኝ። ሆዴን ግን ሐኪሙ እንዳይነካ ብሏል» ማለት ይበቃል። ሐኪሙ ላይ ማሳበብ እዚህ ነውር የለውም፤ ከልቡ ይስማማልሻል።

ከብልት በታች ያለው ማሸት

ይህን አፍረን የማናወራው ነው፤ ነገር ግን የተሻለ ማስረጃ ካላቸው ማሸቶች አንዱ ነው። ከ34 ወይም 35ኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በታጠበ እጅ፣ በንጹሕ ዘይት፣ በብልትና በፊንጢጣ መሃል ያለውን ሥጋ ራስሽ ቀስ ብለሽ መለጠጥ በመጀመሪያ ወሊድ ስፌት የሚያስፈልገውን መቀደድ ይቀንሳል። ኢንፌክሽን፣ ደም መፍሰስ ወይም የሽርት ውሃ መፍሰስ ካለ አይሞከርም። ግርዛት የተፈጸመባት፣ በተለይም የተሰፋች ሴት፣ ከዚህ በፊት አዋላጅ ነርሷን ታማክር፤ ለሷ የሚያስፈልገው ሌላ ዝግጅት ነው።

በአንድ ዐይን

ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በደረጃ ተቀምጧል።

| አማራጭ | ወጪ | የሚሻልበት | ዋናው ስጋት | መቼ ይቅር |
|---|---|---|---|---|
| ቤት ውስጥ | የዘይት ብቻ | ድካም፣ ቀላል የወገብ ሕመም፣ ለምጥ ልምምድ | ባት ላይ ብዙ መጫን | የአደጋ ምልክት ካለ |
| ስፓ | ከፍተኛ | እረፍት፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ | ጠንካራ እጅ፣ ስቲም፣ የተሳሳተ አተኛኘት | ስለ እርግዝናሽ ካልጠየቁ |
| ፊዚዮቴራፒ፣ መንግሥት | ዝቅተኛ | የዳሌና የመገጣጠሚያ ሕመም | ወረፋ | ለመዝናናት ብቻ ከሆነ |
| ፊዚዮቴራፒ፣ የግል | ከፍተኛ | ከላይ ያለው፣ በፍጥነት | ወጪ | ለመዝናናት ብቻ ከሆነ |
| የሰፈር አሺ | ዝቅተኛ | ጀርባና እግር፣ ወሬና አብሮነት | ሆድ ማሸት | ሆድ የምትነካ ከሆነ፣ ሁልጊዜ |

እንደየሁኔታሽ

ገንዘብ የሌለሽና ሕመምሽ ቀላል ከሆነ፦ ማታ ማታ 20 ደቂቃ ቤት ውስጥ፣ ቀን ግማሽ ሰዓት እርምጃ፣ ስትተኚ ትራስ በጉልበት መሃል።

ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የምትሠሪ ከሆነ፣ ለምሳሌ አስተማሪ፣ አስተናጋጅ ወይም ነርስ፣ ለማሳጅ ያሰብሽውን የመጀመሪያ ብር ለሕክምና ካልሲና ለጥሩ ጫማ አውዪው።

ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ እርምጃሽን ካበላሸው ስፓውን ዝለይውና ፊዚዮቴራፒ ሂጂ።

አቅም ካለሽና የሚያስጨንቅሽ እንቅልፍ ማጣትና ውጥረት ከሆነ፣ በስልክ ጥያቄውን ያለፈ ስፓ በወር አንዴ ሁለቴ መሄድ ጥሩ ነው፤ ፓኬጁን ትተሽ ማሳጁን ብቻ።

ገጠር ካለሽና ልጁ በመቀመጫው ነው ወይም ተጋድሟል ከተባልሽ፣ ከአሺ ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ያዢና በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ሪፈር አስብዪ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእናቶች አገልግሎት ነፃ ነው።

የመጀመሪያ ልጅሽ ከሆነና የምትፈሪው ምጡን ከሆነ፣ ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ አብሮሽ የሚገባውን ሰው ወገብ ማሸት አለማምጂው። የምትወልጂበት ተቋም ምጥ ክፍል ድረስ አጃቢ ያስገባ እንደሆነ፣ የሚያስገባውም ሴት ብቻ ከሆነ፣ በቀጣዩ የክትትል ቀንሽ ጠይቂ፤ ባልን አለማምደሽ በሩ ላይ ቢያስቀሩት እህትሽን ያኔ ልታሠለጥኚ አትችይም።